መናገርም መንቀሳቀስም ላቃታቸው ሰዎች፦ በአንጎልና በኮምፒውተር ማገናኛ ስለመነጋገር ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የአንጎልና የኮምፒውተር ማገናኛ ሲባል ምን ማለት ነው?

ሰው እጁን ለማንቀሳቀስ ወይም ቃል ለማውጣት ሲሞክር፣ ጡንቻው ባይታዘዝለትም አንጎሉ ውስጥ የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ ይፈጠራል። ማገናኛው ይህን እንቅስቃሴ በኤሌክትሮድ ይለካል፤ ኮምፒውተሩ ተንትኖ ወደ ተመረጠ ፊደል፣ ወደ ጠቋሚ እንቅስቃሴ ወይም በድምፅ ማጉያ ወደሚሰማ ዓረፍተ ነገር ይቀይረዋል። ስያሜውን እ.ኤ.አ. በ1973 ያስተዋወቀው በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሎስ አንጀለስ ይሠራ የነበረው ዣክ ቪዳል ነው። ኤሌክትሮዱ በራስ ቅል ላይ በኮፍያ የሚቀመጥበት ዓይነት (ኢኢጂ) አለ፤ በቀዶ ጥገና አንጎል ላይ ወይም አንጎል ውስጥ የሚቀመጥበትም አለ። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ማንን ይጠቅማል? ማንንስ አይጠቅምም?

በአንጎል ግንድ ላይ ስትሮክ የደረሰባቸውንና ኤ.ኤል.ኤስ በተባለው የነርቭ በሽታ ጡንቻዎቻቸው ቀስ በቀስ የደከሙባቸውን ሰዎች ይጠቅማል። ከእነዚህ መካከል ሎክድ-ኢን በሚባለው ሁኔታ ውስጥ ያሉ አሉ። ይሰማሉ፣ ያያሉ፣ የሚባለውን ሁሉ ይረዳሉ፤ መናገርም ሆነ እጅና እግር ማንቀሳቀስ ግን አይችሉም። አብዛኛውን ጊዜ ዓይንን ወደ ላይና ወደ ታች ማንቀሳቀስና መጨፈን ይቀርላቸዋል። ወደ እጅ፣ ወደ እግርና ወደ አፍ የሚወርዱት የነርቭ መስመሮች በተጎዳው የአንጎል ግንድ ክፍል በኩል ሲያልፉ፣ የዓይንን ወደ ላይና ወደ ታች መንቀሳቀስ የሚመራው ክፍል ግን ከጉዳቱ በላይ ስለሚገኝ ነው።

የስትሮኩ ጉዳት የቋንቋ ችሎታን ራሱን ያጠፋበት ሰው ግን ከዚህ መሣሪያ ብዙ አይጠብቅ። መሣሪያው የሚተካው የቃሉን መውጫ መንገድ ነው፤ ቃሉን የሚያበጀውን ክፍል አይተካም።

መሣሪያ ከመታሰቡ በፊት ምን መሞከር አለበት?

ዓይን። ይህን ደጋግመን የምንናገረው በምክንያት ነው። ሰውዬው በፈቃዱ የሚያንቀሳቅሰው አንድ ነገር ካለው፣ የዓይን ሽፋን ይሁን የአውራ ጣት ጫፍ፣ መጀመሪያ እሱን መጠቀም ይሻላል። ዓይን የት እንደሚያይ በኢንፍራሬድ ካሜራ የሚከታተል ኮምፒውተር ከኢኢጂ ኮፍያ ይልቅ ፈጣን ነው፤ ለዕለት ተዕለት አገልግሎትም ይቀላል።

ካሜራም ከሌለ ዛሬውኑ መጀመር የሚቻለው "አዎ" እና "አይ" ነው። ወደ ላይ ማየት "አዎ"፣ ወደ ታች ማየት "አይ" ይሁንና እይታው 2 ሰከንድ ያህል ይቆይ። መጨፈንን ብቻ ምልክት ማድረግ ያሳስታል፤ ዓይን ሳይታዘዝም ይጨፈናልና። የተመረጠው ምልክት በትልቁ ተጽፎ ከአልጋው ራስጌ ይለጠፍ። ጠዋት የመጣችው ነርስ ሌላ ምልክት፣ ማታ የመጣው ልጅ ሌላ ምልክት ከተጠቀሙ ሰውዬው መመለሱን ይተዋል፤ ያኔ ቤተሰቡ "አይገባውም" ይላል።

አሉታዊ ጥያቄ አይጠየቅ። "አልደከመህም?" ሲባል "አዎ" ማለት ደክሞኛል ይሁን አልደከመኝም መለየት አይቻልም። "ደክሞሃል?" ብሎ አንድ ነገር ብቻ መጠየቅ ነው። መነጽሩ መደረጉን፣ የዓይን ቅባት እይታውን አለማደብዘዙን፣ የሚያስተኛ መድኃኒት የተሰጠበትን ሰዓትም አስቀድሞ ማየት ያስፈልጋል።

መልሱ የራሱ መሆኑን በምን እናውቃለን?

በፈተና። መልሳቸው በእርግጠኝነት የሚታወቅ 20 ጥያቄዎች ይዘጋጁ፤ የ10ሩ መልስ "አዎ"፣ የ10ሩ "አይ" ሆኖ ቅደም ተከተላቸው ይደባለቅ። የሚጠይቀው ሰው መልሱን የማያውቅ ቢሆን ይመረጣል፤ የሚያውቅ ሰው ሳይታወቀው የሚፈልገውን መልስ በሕመምተኛው ዓይን ላይ ያያል። በግምት ብቻ የሚመልስ ሰው 10 ያህል ያገኛል። 15 እና ከዚያ በላይ በዕድል የማግኘት ዕድሉ 2% ገደማ ነው፤ 14 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ግን ወደ 6% ስለሚጠጋ ፈተናውን መድገም ይገባል። 10 ጥያቄ ብቻ ጠይቆ 8 አገኘ ብሎ መደምደምም አይበቃም፤ እሱም በዕድል ከ5% በላይ ይሆናል።

ውጤቱ ዝቅ ካለ "ንቃተ ሕሊና የለውም" ማለት አይደለም። ድካም፣ ትኩሳት፣ እንቅልፍ ማጣት፣ የማያመች ምልክት ሁሉ ውጤት ያወርዳሉ። በሌላ ቀን፣ በሌላ ሰዓት ይደገም። ሕክምናን ስለመቀጠል ወይም ስለማቆም ያለ ከባድ ጥያቄ ሲሆን ደግሞ በሁለቱም አቅጣጫ ይጠየቅ፤ አንድ ጊዜ "ይቀጥል?"፣ ሌላ ጊዜ "ይቁም?"፣ በተለያዩ ቀናት። መልሶቹ ካልተስማሙ ውሳኔው ይቆያል። ይህ አሠራር በማንኛውም መሣሪያ ለሚገኝ መልስ ይሠራል፤ ውድ መሣሪያ የሰጠው መልስ ነው ተብሎ ፈተናው አይቀርም።

የኢኢጂ ኮፍያ ፊደል የሚያስመርጠው እንዴት ነው?

በስፋት የሚታወቀው ዘዴ ፒ300 ይባላል። ፋርዌልና ዶንቺን በ1988 ያቀረቡት ነው። በስክሪን ላይ 6 ረድፍና 6 ዓምድ ያለው፣ 36 ሣጥን የያዘ ሠንጠረዥ ይቀርባል። ረድፎቹና ዓምዶቹ ያለ ቅደም ተከተል ብልጭ ይላሉ። ሰውዬው የሚፈልገውን ፊደል ብቻ ተከትሎ ብልጭ ባለ ቁጥር በልቡ ይቆጥራል። ከ12ቱ ብልጭታዎች የእሱን ፊደል የያዙት 2 ብቻ ስለሆኑ፣ እነሱ ሲመጡ አንጎል "ይኸው መጣ" የሚል ምላሽ ይሰጣል። ይህም ከብልጭታው 300 ሚሊ ሰከንድ ገደማ በኋላ የሚታይ ማዕበል ነው። ኮምፒውተሩ ማዕበሉን ያስነሱትን ረድፍና ዓምድ ፈልጎ መገናኛቸው ላይ ያለውን ፊደል ይጽፋል።

ማዕበሉ ጥቂት ማይክሮቮልት ብቻ ነው፤ በዙሪያው ያለው የአንጎል እንቅስቃሴ ይበልጠዋል። ስለዚህ አንድ ዙር (12ቱ ብልጭታዎች አንድ ጊዜ) አይበቃም፤ ዙሩ ተደጋግሞ አማካዩ ይወሰዳል። 9 ጊዜ ሲደገም ሁካታው በሦስት እጅ ይቀንሳል። ዝግ የሚያደርገውም ይኸው ድግግሞሽ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነገር አለ። ዘዴው "በአንጎል" ይባል እንጂ በዓይንም ላይ ይደገፋል። ሰውዬው ዓይኑን ወደሚፈልገው ፊደል ማዞር ካልቻለ ትክክለኛነቱ በጣም ይወርዳል። ለእንዲህ ያለ ሰው ምርጫዎቹ ሁሉ በስክሪኑ መሃል በየተራ የሚቀርቡበት ወይም በድምፅ የሚነገሩበት ዓይነት ይመረጣል።

በተለያየ ፍጥነት በሚርገበገቡ ሣጥኖች የሚሠራ ሌላ ዘዴም አለ። ፈጣን ነው፤ ዓይን ያደክማል፤ የሚጥል በሽታ ላለበት ሰው ደግሞ ሐኪም ሳይማከር መሞከር የለበትም።

ፍጥነቱ ስንት ነው?

እናስላው። አንድ ብልጭታ በየ175 ሚሊ ሰከንዱ ከመጣና 10 ዙር ከተደረገ፣ 12 × 10 × 0.175 = 21 ሰከንድ ነው። በሁለት ምርጫዎች መካከል ላለው ዕረፍት 4 ሰከንድ ሲጨመር 25 ሰከንድ፤ ማለትም በደቂቃ 2.4 ምርጫ። ስህተት ደግሞ ሁለት ጊዜ ያስከፍላል፤ የተሳሳተውን ማጥፋትም አንድ ምርጫ ነው፣ እንደገና መጻፍም ሌላ። በ90% ትክክለኛነት በደቂቃ 1.9 ያህል ፊደል ይቀራል፤ በ70% ወደ 1 ገደማ ይወርዳል፤ በ50% ምንም አይጻፍም፤ ሲጻፍና ሲጠፋ ይዋላል። በምርምር ውስጥ 70% "ለመነጋገር የሚበቃ" ዝቅተኛ መለኪያ ሆኖ የሚወሰደው በዚህ ምክንያት ነው። በእኛ እምነት ግን በ70% የሚሠራ ሰው ቶሎ ተስፋ ይቆርጣል። ዙር ጨምሮ፣ ፍጥነት ቀንሶ ወደ 90% ማድረስ የተሻለ ነው።

ኮፍያው እንዴት ይደረጋል? የማይሠራውስ ለምንድን ነው?

ለፒ300 8 ኤሌክትሮድ ይበቃል፤ ከራስ መሃል ጀምሮ ወደ ኋላ የሚሄዱት ይበልጥ ይጠቅማሉ። የራስ መሃል የሚገኘው በሜትር ነው። በሁለቱ ዓይኖች መካከል ከአፍንጫ መነሻ ላይ ካለው ጎድጓዳ እስከ ማጅራት አጥንት እብጠት ተለክቶ ግማሹ፣ ከአንዱ ጆሮ ወደ ሌላው ተለክቶም ግማሹ፤ ሁለቱ የሚገናኙበት ነጥብ ነው። ኮፍያው በ2 ሴንቲ ሜትር ከተንሸራተተ ትናንት የተማረው ፕሮግራም ዛሬ ሌላ ቦታ እየለካ ነው።

ቀጥሎ ጫፉ ባልሾለ መርፌ ጄል ይጨመራል። ጸጉሩ ወደ ጎን ተከፍሎ ቆዳው እስኪታይ በቀስታ ማሸት ያስፈልጋል፤ ጸጉር ላይ የቀረ ጄል ዋጋ የለውም። ግንኙነቱ የሚለካው በኪሎ ኦም ሲሆን ከ5 እስከ 10 በታች ማድረስ ጥሩ ነው። ጄል ማብዛትም ጥፋት ነው፤ ከአንዱ ኤሌክትሮድ ወደ ጎረቤቱ ከፈሰሰ ሁለቱ አንድ ዓይነት መስመር ያሳያሉ፤ ይህ ሲታይ ጠርጎ እንደገና መጀመር ነው።

ሥራ ከመጀመሩ በፊት መስመሮቹን ማየት ግድ ነው። ዓይን ሲጨፈን ከኋላ ባሉት ኤሌክትሮዶች ላይ በሰከንድ ከ8 እስከ 12 ጊዜ የሚደጋገም ማዕበል ከታየ ጥሩ ምልክት ነው። በሁሉም መስመር ላይ ወፍራም፣ ጥቅጥቅ ያለ ንዝረት ከታየ አብዛኛውን ጊዜ የኤሌክትሪክ መስመር ጣልቃ ገብነት ነው። የአልጋውን ሞተር፣ አየር የሚሞላውን ፍራሽ ፓምፕና የስልክ ቻርጀር መንቀልና ላፕቶፑን በባትሪ ማሠራት ይረዳል። ቬንቲሌተር (የሚያስተነፍሰው መሣሪያ) ግን በፍጹም አይነቀልም፤ ገመዶቹ ከቱቦው ይራቁ እንጂ። ከእያንዳንዱ ትንፋሽ ጋር ከፍ ዝቅ የሚል ዘገምተኛ ማዕበል ካለ ምንጩ ቱቦው የሚነካው ገመድ ነው።

ተኝቶ የሚውል ሰው ላይ በጣም የሚያስቸግረው ትራስ ነው። የኋላዎቹ ኤሌክትሮዶች በራሱ ክብደት ይጨፈለቃሉ፣ ያማሉ፣ ይላቀቃሉ። ሰውዬው ማመሙን መናገር ስለማይችል፣ በየጊዜው "ያምሃል?" ብሎ መጠየቅና ኮፍያው ሲወልቅ የቀላ ቆዳ መኖሩን ማየት የተንከባካቢው ኃላፊነት ነው። አንገት የሚደግፍ መሃሉ ክፍት ትራስ ይረዳል። ጄሉ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ይደርቃል፤ ጠዋት 95% የነበረው ከምሳ በኋላ ሲወርድ መጀመሪያ የሚጠረጠረው እሱ ነው። ሲያበቃ ጸጉር መታጠብ አለበት። ብዙ ቤተሰብ መሣሪያውን የሚተወው በዚህ የየቀኑ ልፋት ነውና፣ ማን እንደሚያደርገው አስቀድሞ መወሰን ይገባል።

በመጀመሪያው ቀን ፕሮግራሙን ለማስተማር ሰውዬው የተሰጠውን የታወቀ ቃል ፊደል በፊደል ይከታተላል፤ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ይወስዳል።

በፊደላችን መጻፍ ይቻላል?

ይቻላል፤ ሠንጠረዡ ግን ታስቦበት መሠራት አለበት። 33 ፊደላት በ7 ድምፅ 231 ይሆናሉ፤ በአንድ ስክሪን አይጨመቁም። የሚያዋጣው በሁለት ደረጃ መምረጥ ነው፤ መጀመሪያ "ለ"፣ ከዚያ "ለ ሉ ሊ ላ ሌ ል ሎ"። ችግሩ ስህተት ይባዛል፤ እያንዳንዱ ምርጫ 90% ትክክል ቢሆን ሁለቱም ትክክል የሚሆኑት 81% ነው። ሁለተኛውን ሠንጠረዥ በጣም ማሳነስም አያዋጣም፤ ምርጫው ሲያንስ የሚፈለገው ብልጭታ ቶሎ ቶሎ ይመጣል፤ አንጎልም ለማይደንቀው ነገር የሚሰጠው ማዕበል ይደክማል።

ሦስት ነገሮች ያቀልሉታል። አንደኛ፣ ድምፃቸው አንድ የሆነውን (ሀ ሐ ኀ፣ ሰ ሠ፣ አ ዐ፣ ጸ ፀ) ወደ አንድ ማምጣት 5 ሣጥን ያስለቅቃል። ሁለተኛ፣ ከሚተርፉት ሣጥኖች ከፊሉ "ያመኛል"፣ "አክታ ሳቡልኝ"፣ "አገላብጡኝ" ለሚሉ ሙሉ ቃላት ይሰጥ። ሦስተኛ፣ ፕሮግራሙ "ስልም" ተብሎ በሳድስ ከተጻፈ ቃል ተነሥቶ "ሰላም" የሚል አማራጭ ያቅርብ።

በቀዶ ጥገና የሚቀመጡት ምን ያህል ይበልጣሉ?

በጣም። ለብዙዎቹ ውጤቶች መሠረት የሆነው 4 በ4 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ 96 ጥቃቅን መርፌዎች የሚመዘግቡበት ሰሌዳ ነው፤ መርፌዎቹ 1.5 ሚሊ ሜትር ያህል ወደ አንጎል ገጽ ይገባሉ። በ2017 በዚህ ሰሌዳ ጠቋሚ እያንቀሳቀሰ የሚጽፍ ሰው በደቂቃ 39 ያህል ትክክለኛ ፊደል ደረሰ። በ2021 በእጅ ለመጻፍ የሚደረግ ሙከራ ተተርጉሞ 90 ፊደል ደረሰ። በዚያው ዓመት በሳን ፍራንሲስኮ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ 50 ቃላትን ብቻ ከሚያውቅ ፕሮግራም ጋር፣ ለመናገር የሚደረግ ሙከራ በደቂቃ 15 ቃል አወጣ። በ2023 ሁለት ቡድኖች 62 እና 78 ቃል በደቂቃ አስመዘገቡ፤ ሆኖም ከአራት ቃል አንዱ ያህል ስህተት ነበር። በ2024 በዴቪስ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ኤ.ኤል.ኤስ ያለበት ሰው 125,000 ቃላት ባሉት መዝገብ 97.5% ትክክል የሆነ ንግግር አገኘ፤ በራሱ ፍጥነት በደቂቃ 32 ቃል ያህል። ከእነዚህ ሁሉ እኛ የምናስበልጠው የመጨረሻውን ነው። 78 ቃል ተናግሮ ሲያርም ከመዋል፣ 32 ቃል ተናግሮ መታመን ይበልጣል።

የዚህ የዴቪሱ የንግግር መሣሪያ አሠራር እንዲህ ነው። 256 ኤሌክትሮዶች ከንፈርን፣ ምላስንና ጉሮሮን ከሚያዝዘው የአንጎል ክፍል ይመዘግባሉ። ፕሮግራሙ በየ80 ሚሊ ሰከንዱ የትኛው ድምፅ እየተሞከረ እንደሆነ ይገምታል፤ የቋንቋ ሞዴል (የትኛው ቃል ሊከተል እንደሚችል የሚገምት ፕሮግራም) ድምፆቹን ወደ ቃላት ይሰበስባል፤ ከሕመሙ በፊት የተቀዳ የሰውዬው ድምፅ ካለ ዓረፍተ ነገሩ በራሱ ድምፅ ይነበባል። ስለዚህ ኤ.ኤል.ኤስ የተነገረው ሰው ንግግሩ ሳይደክም ድምፁን ቢቀዳ መልካም ነው።

እነዚህ ፕሮግራሞች በአብዛኛው የተሠሩት ለእንግሊዝኛ ነው። በ2024 እስፓኒሽና እንግሊዝኛን ከአንድ ሰው አንጎል የመለየት ሥራ ታይቷል፤ ዘዴው በአንድ ቋንቋ አይታጠርም። ለአማርኛ ግን የራሱ ድምፆች ዝርዝርና የራሱ የቋንቋ ሞዴል ያስፈልገዋል። "አልነገርኳትም" የሚለው አንድ ቃል ተናጋሪውን፣ የተነገራትንና አሉታውን በአንድ ላይ ስለሚይዝ የቃላት መዝገብ ብቻ አይበቃውም፤ ሞዴሉ የግሱን አካላት ለይቶ ማወቅ አለበት።

ፍጥነታቸው አነስ ቢልም ለቤት የቀለሉም አሉ። በ2015 በኔዘርላንድ ዩትሬክት ከተማ ኤ.ኤል.ኤስ ላለባት ሴት ሙሉ በሙሉ ከቆዳ ሥር የሚቀመጥ መሣሪያ ተተከለ። በደቂቃ 2 ፊደል ያህል ብቻ ይሰጣል፤ ነገር ግን ባለሙያ ሳይገኝ በቤቷ ለዓመታት ተጠቅማበታለች። ሌላው፣ ሲንክሮን የተባለው ኩባንያ የሠራው ባለ16 ኤሌክትሮድ መረብ፣ በአንገት ደም ሥር ገብቶ የራስ ቅል ሳይከፈት ይቀመጣል።

ሐሳቤን ሁሉ ያነባል?

አያነብም። በአብዛኛው የሚተረጎመው ለመናገር ወይም ለመንቀሳቀስ የሚደረግ ጥረት ነው። በልብ የሚነገር ቃል ደከም ያለ ተመሳሳይ ምልክት እንደሚሰጥ በ2025 የስታንፎርድ ተመራማሪዎች አሳይተዋል፤ በዚያው ሥራ ሰውዬው የይለፍ ቃል በልቡ ካላለ ፕሮግራሙ የማይከፈትበትን መንገድም ሞክረዋል። ማጥፊያው በተጠቃሚው እጅ መሆን አለበት የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው፤ ማንኛውንም ቡድን ልትጠይቁት ይገባል።

አደጋው ምንድን ነው?

ለኢኢጂ፦ የቆዳ መላላጥና ድካም። ለቀዶ ጥገናው ደም መፍሰስ፣ ኢንፌክሽንና የማደንዘዣ አደጋ አለ፤ መተንፈስ ለደከመበት ሰው የመጨረሻው ቀላል አይደለም። ብሬይንጌት የተባለው የምርምር ቡድን በ2023 ባወጣው ሪፖርት 14 ተሳታፊዎች በድምሩ 12,203 ቀን ተከታትሏል፤ ከመሣሪያው ጋር የተያያዙ 68 ችግሮች ተመዝግበው 6ቱ ከባድ ነበሩ፤ በመሣሪያው የሞተ የለም። ብዙ ጊዜ የታየው ከራስ ቅል የሚወጣው ማገናኛ ዙሪያ የቆዳ መቆጣት ነው። ከዓመታት በኋላ ምልክቱ መድከሙም ይጠበቃል፤ በዩትሬክቷ ተጠቃሚም በመጨረሻ ይህ ደርሷል።

ዓይንም መንቀሳቀስ ካቆመስ?

ይህ ከሁሉም የከበደው ነው። በ2022 በታተመ ሥራ፣ ምንም መንቀሳቀስ የማይችል ኤ.ኤል.ኤስ ያለበት ሰው ሁለት ባለመርፌ ሰሌዳ አንጎሉ ላይ ተተክሎለት፣ የሚሰማውን ድምፅ በአንጎሉ ከፍና ዝቅ እያደረገ በደቂቃ 1 ፊደል ገደማ ጽፏል፤ ያልቻለባቸው ቀናትም ነበሩ። ከዚያ በፊት በ2017 ለእንዲህ ያሉ ሕሙማን "በአንጎል የደም ፍሰት መልስ ተገኘ" የሚል ጽሑፍ ታትሞ በ2019 ከመጽሔቱ ተሰርዟል፤ ዛሬም እሱን እየጠቀሰ ተስፋ የሚሸጥ ካለ ተጠንቀቁ። ተግባራዊው ምክር አንድ ነው፤ ኤ.ኤል.ኤስ ያለበት ሰው ዓይኑ እየሠራ እያለ ዘዴውን ይለማመድ።

የምርምር ሙከራ ውስጥ ከመግባታችን በፊት ምን እንጠይቅ?

ለንግግር በቀዶ ጥገና የሚተከሉት በምርምር ሙከራ ውስጥ የሚሰጡ ናቸው። ስለዚህ በጽሑፍ መልስ ይጠየቅ፦ ጥናቱ ሲያልቅ መሣሪያው ይወጣል ወይስ ይቀራል? የማስወጫውን ወጪ ማን ይከፍላል? ኩባንያው ቢዘጋስ? ኤምአርአይ መነሣት ይቻላል? የአንጎል መረጃው የት ይቀመጣል፣ ማን ያየዋል? በሳምንት ስንት ጊዜ ባለሙያ ቤት ይመጣል? ተሳታፊው "በቃኝ" ማለት የሚችለው በምን ምልክት ነው? መልሱ "እናያለን" ከሆነ አይፈረም።

መሣሪያው በድንገት ቢቆምስ?

ፊደላት የተጻፉበትና በዓይን ምልክት የሚመረጡበት ተራ ሰሌዳ ሁልጊዜ ከአልጋው አጠገብ ይኑር፤ ተንከባካቢዎች ሁሉ በሳምንት አንድ ቀን ይለማመዱበት። የድረሱልኝ ጥሪ ደግሞ በፍጹም በአንጎል ማገናኛ ላይ ብቻ አይንጠልጠል፤ በተለየ ስዊች ወይም በዓይን ምልክት ይሁን፤ ቬንቲሌተር ያለበት ሰው ጋ ማታም የሚነቃ ሰው ይኑር።